ረዳቴ የጻፈውን ራሱ አያገኘውም

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። የኤአይ ኤጀንቴ የደንበኞቼን ትእዛዝ በፋይል እየጻፈ ያስቀምጣል። “የሰርግ ጨርቅ ያዘዘችው ማን ነበረች?” ስለው “የለም” ይለኛል። ፋይሉን ስከፍተው ግን ቁጭ ብሏል!

መልስ፦ አቦ፣ አትናደድበት! አልረሳም፤ መፈለጊያው ነው ያቃተው። የላክልኝን ፋይል ከዚራ ዛፍ ስር ቁጭ ብዬ አየሁት። አንተ “ሰርግ” ትላለህ፣ እሱ “ለሠርጓ” ብሎ ጽፏል። ለእኛ አንድ ነው። እንደ ግሬፕ ፊደል በፊደል ለሚያመሳስል መሳሪያ ግን ሰ እና ሠ አይተዋወቁም። ስለዚህ ከመፈለጉ በፊት ሠን ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚቀይር አጭር ኮድ ይግባበት። በፋይሉም፣ በጥያቄህም ላይ።

ይህ ግን ግማሹ ነው። “ግ” ወደ “ጓ” መዞሯን ኮዱ አያውቅም። እዚህ ጋ ጽሑፉን ወደ ቁጥሮች ቀይሮ በትርጉም የሚያቀራርብ ፍለጋ ይረዳል። “ሙሽራ” ብትለውም ሊያገኛት ይችላል። አማርኛው ላይ ግን ሞክረህ እመነው፤ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ሞዴል (የኤአይ ፕሮግራሙ) ሁሉ እኩል አይደለም። ደግሞ የድሮውን ፊደል በፊደል ፍለጋ እንዳትጥለው። ስልክ ቁጥርና የዱቤ ሂሳብ ስትፈልግ “ተቀራራቢ” መልስ ምን ይሠራልሃል? ሁለቱንም አብረህ አስኪዳቸው።