ስለ ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለምንበላው፦ ጠይቁ

ሲስተር ዘሃራ፦ ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። የሠራሁት ግፊትና ስኳር ክትትል ላይ ነው፤ ሌላውን ለሐኪም ተዉት። አስቀድሜ ልናገር፦ የጻፍኩትን አንብቦ ክኒን የሚያቆም እንዳይኖር።

የሆጤው ልጅ፦ ሲስተር፣ እናቴ ጨው ቀንሻለሁ ትላለች፣ ግፊቷ ግን አልወርድ አለ።

ሲስተር ዘሃራ፦ ይኸውልህ፣ ይሄን ነበር የምጠብቀው። ቀንሻለሁ የምትለው ወጡ ላይ የምትነሰንሰውን ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም እንደዚያው፤ የሾርባ ኩቡና ዳቦውም አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ሁሉም ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ። በምላስ አትለኩት፣ ምላስ ይለምዳል። የጨው ከረጢቱ ላይ የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉ። አምስት አዋቂ ላለበት ቤት ጣሪያው በወር 750 ግራም ነው። ኪሎው ወር ሳይሞላ ካለቀ መልሱን አገኛችሁ፣ ያውም የዳቦው ሳይቆጠር። ቀጥሎ በርበሬ ስታስፈጩ ጨው አታስገቡበት። መጀመሪያ ወጡ አልጫ አልጫ ይላችኋል፣ ከዚያ ይለመዳል። ክኒኗንም ዛሬ አላመመኝም ብላ እንዳትዘል! ግፊት ሳያምም ነው ልብና ኩላሊት የሚጎዳው።

ኮምቦልቻዋ፦ የሚረጋው ዘይትስ?

ሲስተር ዘሃራ፦ ፓልም ከሆነ ወደ ግማሽ የሚጠጋው መጥፎውን ኮሌስትሮል የሚጨምር ስብ ነው። ኑግ ወይም ሱፍ ይሻላል፣ እሱም በልኩ።

ኮምቦልቻዋ፦ እኛ ጋ እኮ አይረጋም፣ ውሃ ነው የሚመስለው።

የሆጤው ልጅ፦ ሙቀታችሁ ነዋ! ያንኑ ጀሪካን ደሴ አምጪው፣ ጠዋት በማንኪያ ትቆርጪዋለሽ።

ኮምቦልቻዋ፦ ብርዳችሁን ለራሳችሁ።

ሲስተር ዘሃራ፦ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስለወረደ ዘይቱ አይለወጥም። ቀጥሉ።

አብዱ፦ የገጠር ቅቤ ግን ተፈጥሮ ነው፣ ችግር የለውም አይደል?

ሲስተር ዘሃራ፦ አለው። በዚያው ስብ ከፓልምም ይበልጣል።

አብዱ፦ አያቶቻችን በቅቤ አይደል እንዴ የኖሩት?

የሆጤው ልጅ፦ አያቶችህ የጦሳን ተራራ በእግራቸው ነበር የሚወጡት። አንተ ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ እንኳ በባጃጅ!

ማሜ፦ ስኳር ላለበት ሰው ማር ይፈቀዳል?

ሲስተር ዘሃራ፦ ማርም ስኳር ነው።

ሰሚራ፦ ጤፍ ስኳር የለውም ይባላል፣ እንጀራ እንደልብ ይበላል?

ሲስተር ዘሃራ፦ ኧረ በሞቴ! ስታርች ነው፣ ሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናል። እንጀራውን ቀንሱ፣ ምስሩንና ጎመኑን አብዙ። ሻዩንም እዩት፦ በሦስት ማንኪያ ስኳር አራት ሻይ የጠጣ ሰው ወደ 50 ግራም ደርሷል፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ጣሪያው እሱ ነው።

ኑሩ፦ ኢንሱሊን እወጋለሁ፣ ረመዳንን ልጹም?

ሲስተር ዘሃራ፦ ወሩ ሳይገባ ሐኪምህን ጠይቅ። መድኃኒት በራስህ አታቁም፣ ሰዓቱንም አትቀይር። ደጋግሜ ተናገርኩ።

እንግዳ፦ ጤነኛ ለመሆን ምን ልብላ?

ሲስተር ዘሃራ፦ ዕድሜህ? ግፊትህ? ሳትለካ ምን ልበልህ? በባዶ ሆድ ስኳርህ ከ100 እስከ 125 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ከሆነ ወደ በሽታው እየተጠጋህ ነው፣ ግን ጊዜ አለህ፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲደገምም ያው ከሆነ ስኳር በሽታ ነው።

ጀማል፦ ማር በሎሚስ?

ሲስተር ዘሃራ፦ ከላይ አንብብ።

ኮምቦልቻዋ፦ ጨው ከቀነስን አዮዲን አንሶን እንቅርት አይዘንም?

ሲስተር ዘሃራ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! አዮዲን ያለውን ጨው በትንሹ ተጠቀሙ እንጂ ወደ አሞሌ አትሂዱ። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃና ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፣ አዮዲኑ ሲንተከተክ ይቀንሳል።