የቴሌግራም ግሩፕ መርጬ ክሪፕቶ ባስተዋውቅ ያስጠይቀኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ሳለ፣ ዱባይ የሚኖር የሰፈራችን ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ለጀመረው የክሪፕቶ ፕሮጀክት አስተዋዋቂ እንድሆን ጠየቀኝ። ሥራዬ ፕሮጀክቱ የሚተዋወቅባቸውን የኦንላይን ማኅበረሰቦች መርጦ እዚያ መለጠፍ ነው። ክፍያው በየወሩ በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር በተሳሰረ ክሪፕቶ) ሲሆን፣ በእኔ ሊንክ ገብቶ ቶከን (ፕሮጀክቱ የሚሸጠውን ዲጂታል ሳንቲም) ከሚገዛ ሰው ላይ ደግሞ 5 በመቶ ኮሚሽን አገኛለሁ። እስካሁን የለየኋቸው የሰፈራችን ልጆች ግሩፕ፣ የታይዋን (የድሬዳዋው ገበያ) ነጋዴዎች ግሩፕ፣ የዩኒቨርሲቲ ባቻችን ግሩፕ፣ ሥራ ፈላጊዎች የሚከታተሉት አንድ ትልቅ ቻናል፣ እንዲሁም ቢትኮይንቶክና ሬዲት የተባሉት የውጭ የኦንላይን መድረኮች ናቸው። ባቻችን ግሩፕ ላይ አንድ ጊዜ ለጥፌያለሁ፤ ጽሑፉን አያይዤ ልኬያለሁ። የትኞቹን ብመርጥ ከሕግ ጋር አልጋጭም? አድሚኑ ከፈቀደልኝስ አይበቃም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መልሱን ላስቀድም። አገር ቤት ያሉትን አራቱንም ይተዉ። ውጭ ያሉት ሁለቱ ላይም ቢሆን ከታች የማነሳቸው ነገሮች ሳይሟሉ አይለጥፉ። እርስዎ ማኅበረሰቦቹን የመረጡት በአባላቱ ብዛትና በጨዋታው መድመቅ ይመስለኛል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ያለው ሰው የሚኖረው የት ነው፣ ምን ብለው ነገሩት፣ ከሚያወጣው ገንዘብስ ምን ያህሉ ወደ እርስዎ መጣ?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ በአገሪቱ ውስጥ ግብይት የሚፈጸመው በብር መሆኑን፣ ቢትኮይንና መሰል ምናባዊ ንብረቶችን ለክፍያ መጠቀም እውቅና እንደሌለው ገልጾ፣ ሕዝቡ ይህን ሲያይ ጥቆማ እንዲሰጥ ጠይቋል። በዚያው ዓመት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በክሪፕቶ አገልግሎትና በማይኒንግ (ኮምፒውተር እያንቀሳቀሱ ክሪፕቶ በማምረት) የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጥሪ አድርጓል። እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ "መንግሥት ለማይነሮች መብራት እየሸጠ እኛን ለምን ይከለክላል?" ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ አይገናኙም። ማይነሩ ኃይል ገዝቶ ማሽን ያንቀሳቅሳል፤ ከታይዋን ነጋዴ ብር አይሰበስብም። እርስዎ የተጠየቁት ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበስብን ነገር እንዲያስተዋውቁ ነው።

ይህ ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል። ቶከኑ የሚሸጠው "ነገ ዋጋው ይጨምራል" በሚል የትርፍ ተስፋ ከሆነ፣ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ሰነደ መዋዕለ ንዋይ (እንደ አክሲዮንና ቦንድ ያለ) ለሕዝብ የሚቀርበው በኢትዮጵያ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተመዝግቦ ነው። የዱባዩ ልጅ ፕሮጀክት እዚህ መመዝገቡን የሚያሳይ ነገር በላኩልኝ ውስጥ አላየሁም።

አሁን ወደለጠፉት ጽሑፍ ልምጣ፤ ከግሩፑ ምርጫ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። እንዲህ ይላል፦ "ጓዶች ይሄ ዕድል አያምልጣችሁ! በ3 ወር 10 እጥፍ ይሆናል። እኔ ራሴ ገብቼ ተጠቃሚ ሆኛለሁ። ኪሳራ የለውም። 5 ሰው ላመጣ ነጻ ቶከን አለው።"

"10 እጥፍ ይሆናል" እና "ኪሳራ የለውም" የሚሉትን ማንም ሰው ሊያረጋግጣቸው አይችልም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። "እኔ ራሴ ገብቼ ተጠቃሚ ሆኛለሁ" የሚለው ከዚህም ይብሳል። በጥያቄዎ ውስጥ ስለ ደመወዝና ኮሚሽን ነግረውኛል እንጂ ቶከን ገዝቼ አትርፌያለሁ አላሉም። ሰው ብሩን የሚያወጣው ይህችን ቃል አምኖ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የማይገባ ጥቅም ለራሱ ወይም ለሌላ ለማስገኘት በማሰብ፣ በሐሰተኛ ቃል ወይም መግለጽ የሚገባውን በመደበቅ ሌላውን ሰው ንብረቱን በሚጎዳ ነገር ውስጥ የከተተውን በአታላይነት ይቀጣል። ድርጊቱ በኮምፒውተር ወይም በስልክ ሲፈጸም ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 10 አለ። በዚህ ላይ ተከፋይ መሆንዎን ለባቾችዎ አልነገሯቸውም፤ ይህም መደበቅ ነው።

"5 ሰው ላመጣ" የሚለው ለብቻው መታየት አለበት። የእርስዎ 5 በመቶ የሻጭ ኮሚሽን ነው ተብሎ ሊከራከሩበት ይቻላል። ገዢው ራሱ ሌሎች ገዢዎችን ባመጣ ቁጥር ሽልማት የሚያገኝ ከሆነ ግን፣ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የከለከለው የፒራሚድ ሽያጭ ውስጥ ይገባል። ቢትኮኔክት የተባለው ፕሮጀክት ሰው በሰው እየተሳበ አድጎ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ፈረሰ። በአሜሪካ ዋናው አስተዋዋቂው በ2021 ጥፋተኝነቱን አምኖ በቀጣዩ ዓመት 38 ወር ተፈረደበት።

"እኔ ለጣፊ እንጂ ባለቤት አይደለሁም" የሚለው መከራከሪያ እስከ ተወሰነ ቦታ ድረስ ብቻ ይሄዳል። ነገሩ ማታለያ መሆኑን ሳያውቅ የተጠቀሙበት ሰው በአታላይነት አይቀጣም፤ ወንጀሉ ሐሳብ ይፈልጋል። እያወቀ የረዳ ግን በአንቀጽ 37 መሠረት በአባሪነት ይጠየቃል። ከወንጀሉ ነጻ ቢወጡ እንኳ የፍትሐ ብሔር ክስ ይቀራል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል፣ ጥፋት ደግሞ ቸልተኝነትንም ይጨምራል። ዱባይ ያለውን ልጅ ለመክሰስ አገር ማቋረጥ ይጠይቃል። እርስዎ ግን ሳቢያን ነዎት፤ ቤትዎ ይታወቃል፣ እናትዎ ይታወቃሉ። ገንዘቡ የጠፋበት ሰው በመጀመሪያ የሚያንኳኳው የእርስዎን በር ነው።

የሰፈሩንና የነጋዴዎቹን ግሩፕ ይተዉ ያልኩት በዚህም ምክንያት ነው። ድሬ ላይ "የሰፈራችን ልጅ ነው" ከተባለ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ታይዋን ሱቅ ያላት እናት የእቁብ ዕጣዋ በወጣ ሳምንት መልእክትዎ ቢደርሳት፣ የፕሮጀክቱን ሰነድ አታነብም፤ የምታየው የእርስዎን ስም ነው። ለአስተዋዋቂ በጣም ምቹ የሆነው ግሩፕ ከሕግ አንጻር በጣም አደገኛው ነው፤ ሰውየው የተሳሳተው እርስዎን በማመኑ መሆኑን ለማስረዳት ከሳሽ አይቸገርም። ሥራ ፈላጊዎች ያሉበት ቻናል ደግሞ በጭራሽ አይነካ። የመጨረሻ ብሩን የያዘ ሰው ፊት "ኪሳራ የለውም" ማለት ለማንኛውም ዳኛ ከባድ ነገር ነው።

የአድሚን ፈቃድ የግሩፑን ደንብ ከመጣስ ያድንዎታል፤ ከአዋጅ አያድንም። ከአባላት ዝርዝር ስልክ ቁጥር ለቅሞ በውስጥ መላክም አስበው ከሆነ ይተዉት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ያለ ሕጋዊ መሠረት እንዳይሰበሰብና ለሌላ ዓላማ እንዳይውል ይጠይቃል።

ቢትኮይንቶክ ለአዳዲስ ፕሮጀክቶች ማስታወቂያ የተለየ ክፍል ያለው ቦታ ነው፤ አባላቱም ፕሮጀክት ሲቀርብላቸው መመርመር የለመዱ ናቸው። ሬዲት ላይ እያንዳንዱ ማኅበረሰብ የራሱ ደንብ አለው፤ ብዙዎቹ የክሪፕቶ ማኅበረሰቦች የራስን ፕሮጀክት ማስተዋወቅ ይገድባሉ። ከእነዚህ አንዱን ሲመርጡ ግን የአንባቢውን አገር ሕግ አብረው መርጠዋል። እንግሊዝ ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገሯ ውስጥ ላሉ ሰዎች የሚደርስ የክሪፕቶ ማስታወቂያን፣ አስተዋዋቂው የትም ይቀመጥ የት፣ በሕግ ሥር አስገብታለች። አሜሪካ ውስጥ ኪም ካርዳሺያን በ2022 እ.ኤ.አ. 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማችው ኢቴሪየምማክስ የተባለ ቶከን ስታስተዋውቅ 250 ሺህ ዶላር እንደተከፈላት ስላልገለጸች ነው። ከድሬዳዋ ሆነው መለጠፍዎም ከእኛ ሕግ አያወጣዎትም፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 25 መሠረት ወንጀል ድርጊቱ በተፈጸመበትም፣ ውጤቱ በደረሰበትም ቦታ እንደተፈጸመ ይቆጠራል።

ስለዚህ ሥራውን ከመቀበልዎ በፊት ለዱባዩ ልጅ አንድ ጥያቄ ያቅርቡለት፦ "የቫራ ፈቃዳችሁ ቁጥር ስንት ነው?" ቫራ በ2022 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዱባይ የምናባዊ ንብረቶች ተቆጣጣሪ ነው፤ ፈቃድ ያላቸውን ድርጅቶች ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ የማስታወቂያ ደንብም አለው። ቁጥሩን ከሰጠዎት ዝርዝሩ ላይ ራስዎ ይፈልጉት። "እሱ በሂደት ላይ ነው" ካለዎት ፈቃዱ እስኪወጣ ሥራው ይቆይ። ፈቃድ ካለውና ውጭ ላሉ አንባቢዎች ብቻ ከሆነ፣ የቴክኒክ ማብራሪያ መጻፍና ጥያቄ መመለስ ይችላሉ። በየጽሑፉ አናት ላይ "ለዚህ ጽሑፍ ተከፍሎኛል" ይበሉ፤ የዋጋ ተስፋ አይስጡ፤ ኮሚሽኑን ትተው በቋሚ ደመወዝ ይስማሙ። ደመወዙም በውጭ ምንዛሪ በባንክ ይላክልዎ። ዩኤስዲቲ ተቀብለው ከማያውቁት ሰው ጋር በብር ሲለዋወጡ፣ የተላከልዎ ብር ከማጭበርበር የመጣ ሆኖ ቢገኝ ሒሳብዎ ሊታገድ ይችላል፤ የብሔራዊ ባንኩም ማሳሰቢያ አለ። ደመወዝ ቢከለክሉዎት ደግሞ፣ ዓላማው ሕገ ወጥ የሆነ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1716 ዋጋ ስለሌለው ፍርድ ቤት ሊረዳዎ አይችልም።

የባች ግሩፑን በተመለከተ ጽሑፉን ዝም ብለው አያጥፉት፤ ስክሪንሾት ያነሳ ሰው ይኖራል፣ ዝም ብሎ ማጥፋትም ለመደበቅ የተደረገ ይመስላል። መጀመሪያ ራስዎ ኮፒ ያስቀሩ። ከዚያ እዚያው ግሩፕ ላይ ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፉ፦ ተከፋይ አስተዋዋቂ መሆንዎን፣ ትርፍ አግኝቻለሁ ያሉት ትክክል አለመሆኑን፣ ማንም በዚያ ጽሑፍ ተመርቶ ገንዘብ እንዳያስገባ። በሊንክዎ የገባ ሰው ካለ ለየብቻው ይደውሉለት፤ ያገኙበትን ኮሚሽን ይመልሱለት፤ ቀሪውን ለማስመለስ ከዱባዩ ልጅ ጋር የተጻጻፉትን ሁሉ ይስጡት። ይህን ካደረጉ በኋላ ጽሑፉን ማንሳት ይችላሉ። ውል እንዲፈርሙ ከላኩልዎ ደግሞ ሳይፈርሙ ለጠበቃ ያሳዩት።