ቆራቢው ስንት ነው?

ልጆቼ፣

ለ36 ዓመት ኦዲተር ሆኜ ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ በአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ ሒሳቡን ስይዝና ስቆጣጠር ብዙ ዓመት አገልግያለሁ። ሰባኪ አይደለሁም። ከቁጥር ጋር የኖርኩ እናታችሁ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ ስለ ቆጠራ ነው።

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት ነው። የዓመቱን ሪፖርት ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ሪፖርቱ ያምር ነበር። የሙዳየ ምጽዋቱ ገቢ ጨምሯል። የስእለቱም እንደዚያው። አጥሩ በግንብ ታጥሯል። አዳራሹ ተጀምሯል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች በዝተዋል። አንብቤ ስጨርስ ቤቱ በእልልታ ሞላ። ከኋላ ወንበር አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ደክመሻል። ቆራቢው ስንት ነው?» አሉኝ።

ወረቀቴን አገላበጥኩ። ለእሱ የሚሆን ዓምድ አልነበረኝም።

«የንስሐ አባት ያለውስ? ጸሎተ ሃይማኖትን ገብቶት የሚደግም ልጅስ ስንት ይሆናል?» ቀጠሉ። ሊያሳፍሩኝ አልነበረም። የምር ማወቅ ፈልገው ነው። ማንም መልስ አልነበረውም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዋናውን ንብረት ሳልቆጥር ሪፖርት ላይ ፈርሜ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ሌላ ደብተር ያዝኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከዚያ ደብተር ነው።

በቅርቡ ጥቂቶቻችሁ ቤቴ መጥታችሁ «ቤተ ክርስቲያን እንድታድግ ምን እናድርግ?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ጥያቄው ደስ አሰኝቶኛል። ጉልበታችሁንም አውቀዋለሁ። ለከተራ ምንጣፉን ስታነጥፉ፣ ታቦቱ ካለፈ በኋላ ጠቅልላችሁ ወደ ፊት ስትሮጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን ሳይ ዕንባዬ ይመጣል። ግን ምንጣፉ ከተጠቀለለ በኋላ ባለው ረቡዕ ማን እንደሚመጣም አያለሁ።

ዘጌ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ካልሄዳችሁ ሂዱ። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከወደቡ ወርዳችሁ በቡናው ጥላ ሥር ዳገቱን ትወጣላችሁ፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትደርሳላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። የውጩ ዙር ቅኔ ማህሌት ነው። ቀጥሎ ቅድስት አለ፤ ቆራቢው ሥጋ ወደሙ የሚቀበልበት። መካከሉ መቅደስ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ የጌታን ልደት፣ ስቅለትና ትንሣኤ በዚያ ግድግዳ ላይ ሲያነብ ኖሯል።

እዚያ ቆሜ የየኔታ ጥያቄ ትዝ አለኝ። እኛ ስንቆጥር የኖርነው ግቢ ውስጥ የቆመውን ሰው ነው። ከደጅ ወደ ቅኔ ማህሌት፣ ከቅኔ ማህሌት ወደ ቅድስት ስንት ሰው ተራመደ? ያንን ቆጥረን አናውቅም። ግቢው ሊሞላ ይችላል። ማንም ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ካልገባ ግን ያደገው ሕዝቡ ነው ወይስ ግርግሩ?

የዘጌን ደን ደግሞ አስተውሉት። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው። ሥርዓቱ ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ የመጣ እንደሆነ አባቶች ይናገራሉ። የጣና ሐይቅ ዙሪያ በብዙ ቦታ ተመንጥሯል። የዘጌ ደን ግን ቆሟል። ሰው ሥርዓቱን ስለጠበቀ ነው የቆመው። «ሥርዓት ካጠበቅን ወጣቱ ይሸሻል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ያንን ደን አስባለሁ።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ጸሎተ ሃይማኖትን በየቅዳሴው እንደግማለን። ብዙዎቻችን በቃላችን እንለዋለን፤ ሐሳባችን ግን ሌላ ቦታ ነው። የጸሎቱ መሠረት የተጣለው ኒቅያ ላይ ነው። በ325 እ.ኤ.አ. 318 አባቶች እዚያ ተሰበሰቡ። አርዮስ ወልድን ፍጡር ነው ይል ነበር። አባቶች «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» አሉ። ሦስት ቃል ናት። በእሷ ላይ ግን ሁሉም ነገር ቆሟል። ክርስቶስ ፍጡር ከሆነ ፍጡር ፍጡርን ሊያድን አይችልም፤ ጥምቀታችንም ቁርባናችንም ባዶ ይሆናል። ለዚህች ቃል አትናቴዎስ 5 ጊዜ ከመንበሩ ተሰደደ።

ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ እኛ የላከው ይኸው አትናቴዎስ ነው። የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ የአርዮስን ወገን ይደግፍ ስለነበር ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ መልሱት፣ እምነቱ ይመርመር አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ግን የአትናቴዎስን እምነት ይዛ ቆየች። ጣና ቂርቆስ ያሉ አባቶች ዛሬም የአባ ሰላማን ስም ከደሴታቸው ጋር አያይዘው ይተርካሉ።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ለአንድ ቃል ሲል ስደት የተቀበለው ሰውና ወንጌልን ወደ ሩቅ አገር የላከው ሰው አንድ ነው። እምነቱን መጠበቅና ቤተ ክርስቲያንን ማስፋት ለእሱ ሁለት ሥራ አልነበረም። እናንተንም አንዱን ምረጡ የሚላችሁ ሰው ቢመጣ አትስሙት።

ስለዚህ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ተማሩ። ሥላሴን፣ ሥጋዌን፣ ጥምቀትን፣ ቁርባንን፣ ትንሣኤ ሙታንን። ለፈተና የሚሆን ዓይነት ሽምደዳ ማለቴ አይደለም። የዶርም ጓደኛችሁ ማታ ሻይ እየጠጣ «ለምንድነው የምትቆርቡት?» ቢላችሁ፣ በሁለት ደቂቃ በራሳችሁ ቋንቋ መመለስ እስክትችሉ ተማሩ። በዩኒቨርሲቲ ግቢ ጉባኤ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከተማ ያላችሁ ደግሞ መምህር ፈልጉ። አባቶች ጥያቄ አይወዱም የሚባለው ወሬ እኔ ካየሁት ጋር አይገጥምም። አብዛኞቹ የሚጠይቃቸው ሰው ጠፍቶ ነው ዝም ያሉት።

በጉልበት ማስፋት የሚባል ነገርም አለ። እሱን የዚህ ሐይቅ ዳርቻ አይቶታል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ሊያጸኑ ሞከሩ። አገሩ በደም ታጠበ። በ1624 ዓ.ም. «ሃይማኖት ይመለስ፤ ፋሲል ይንገሥ» ተብሎ ነገሩ አበቃ። ይህን የምነግራችሁ የሌላ እምነት ሰው ላይ ቂም እንድትይዙ አይደለም። እኛም ብንሆን በአዋጅ፣ በዛቻ፣ በዘር ቆጠራ ሰው አንሰበስብም። በፍርሃት የመጣ ሰው ፍርሃቱ ሲለቀው ይሄዳል።

በስልክ ስለምትሠሩትም ላንሣ። ስልኩን አልጠላውም። የዑራ ግድግዳም በዘመኑ እንደ ስልክ ነበር፤ ትምህርቱን ሰው ዓይን ፊት አድርሷል። ትምህርቱ እንዳለ ይሁን እንጂ በቴሌግራምም በዩቲዩብም አድርሱት። ግን ቪው ለማግኘት ጸበል ቦታ የሚጮህ በሽተኛ ፊት ላይ ካሜራ አትደግኑ። ያ ሰው የአንዲት እናት ልጅ ነው። ድኖ ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ ያንን ቪዲዮ አይቶት ይጠብቀዋል። እገሌ በዚህ ቀን እንዲህ ይሆናል አለ የሚል ትንቢትም አታሰራጩ። በእንዲህ ያለ ነገር የሚመጣ ሕዝብ ነገ የባሰ ነገር ወደሚያሳየው ይሄዳል።

አሁን በጣም ወደሚያመኝ ነገር መጣሁ።

አንዲት ልጅ ነበረች። መዝሙር ታወጣ ነበር። ካፌ ሥራ ጀመረችና የእሑድ ፈረቃ ያዘች። ቀረች። ሰባት ወር ሙሉ ስሟ መዝገባችን ላይ ነበር። በሪፖርቱ «አባል» ተብላ ተቆጥራለች። አንድ ቀን ገበያ መንገድ ላይ አገኘኋትና አቀፍኳት። ሌላ ቦታ መጸለይ ጀምራ ነበር። ለምን ብዬ አልተቆጣኋትም። «እማማ፣ እዚያ ስሜን ያውቁታል። ከእናንተ አንድ ሰው እንኳ የት ገባሽ አላለኝም» አለችኝ። ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ተከራክራ አልሄደችም። የፈለጋት ሰው ስላልነበረ ሄደች። ጌታ ስለ ጠፋችው አንዲት በግ ሲያስተምር ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የሄደ እረኛ ነው የነገረን። እኛ አንዷ ስትጠፋ እንኳ መዝገቡን አላስተካከልንም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አውጥታችሁ አንብቡ። ምእመናኑ በዙ። ሲበዙ መበለቶች ከዕለቱ እንጀራ ተዘነጉ፤ ማጉረምረም መጣ። ሐዋርያት «ዋናው ስብከቱ ነው፣ እንጀራው ይቆይ» አላሉም። እንጀራውን እንዲያድሉ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው፣ በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች አስመረጡ። ሐዋርያት ራሳቸው በጸሎትና በቃሉ ጸኑ። ከሰባቱ አንዱ እስጢፋኖስ ነው፤ ያ ሐይቁ መካከል ዳጋ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው እስጢፋኖስ። ዳጋን ያየሁት ከጀልባ ላይ ብቻ ነው፤ ሴት አይገባበትም። ሥርዓቱን አከብራለሁ። በዚያ በኩል ሳልፍ ተሳልሜ ይህን ምዕራፍ አስባለሁ። የደቀ መዛሙርት ቁጥር እጅግ እንደበዛ የተጻፈው የመበለቶቹ እንጀራ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ቁጥር 7 ላይ ታገኙታላችሁ።

ለእኔ ለሒሳብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንጀራ ማደል እንኳ በመንፈስ ቅዱስ የተሞላ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ገንዘብ የምትይዙ ልጆች፣ ያለ ደረሰኝ አንዲት ብር አትቀበሉ። ብቻችሁን ሙዳየ ምጽዋት አትክፈቱ። ወጪውን ለሁሉም አሳዩ። በስብከት የመጣ ሰው በገንዘብ ሐሜት ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አንድ ዓመት አዲስ ሞንታርቦ ለመግዛት ወሰንን። እኔም ፈርሜያለሁ። በዚያው ሳምንት ጠዋት አንድ የአብነት ተማሪ ደጄ ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ። ከእኛው አጥቢያ የኔታ ዘንድ የሚማር ልጅ ነው። የሞንታርቦው ገንዘብ የእነዚህን ልጆች ቀለብ ለስንት ወር እንደሚችል ቁጭ ብዬ አሰላሁ። ስብሰባ ላይ አነሣሁት፤ ሰሚ አላገኘሁም። ሞንታርቦው ተገዛ። ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔ፣ አቋቋም፣ መጻሕፍት እያለ ያ ልጅ ብዙ ዓመት ይማራል። ነገ ቀድሶ የሚያቆርባችሁ እሱ ነው። የገና ፕሮግራም ስታወጡ ከበጀቱ ላይ የእነሱን ቀለብ አስቀድሙ። ቆሎና በሶ ይዛችሁ ወደ ጎጇቸው ሂዱ። ስትሄዱም ቁጭ ብላችሁ ትምህርታቸውን ስሙ።

ሴቶች ልጆቼ፣ ለእናንተ አንድ ቃል። ደቅ ደሴት ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። እዚያ መግባት ትችላላችሁ፤ ሄዳችሁ እዩት። በሰበካ ጉባኤም ወጣቶች እንዲወከሉ የቤተ ክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲው፣ ይፈቅዳል። ተመረጡ። ቃለ ጉባኤ መያዝ ትንሽ አገልግሎት አይምሰላችሁ።

ደብተሬን ዘንድሮ ለአንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሰጠኋት። ዓይኔ ደክሟል። ዓምዶቹን አስረዳኋት፤ ንስሐ የገቡ፣ የቆረቡ፣ ታመው የተጠየቁ፣ የቀሩ፣ ቀርተው የተፈለጉ። የመጨረሻው ዓምድ ብዙ ቦታ ባዶ ነው። ዝም ብላ ገለጠችው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዬን ያዝ አድርጋ አስቆመችኝ። «እማማ፣ በሩ አጠገብ የሚቀመጡት ዓይነ ስውር አባት ሁለት ሳምንት አልመጡም። ቤታቸውን ያውቁታል?» አለችኝ።

አላውቀውም ነበር። ጠያይቀን አገኘነው።