ሳምቡሳና ሙሸበክ ለምትሸጡ፦ ዘይት የማያሳልፍ ከረጢት እንዴት ይመረጣል?

ሰላም እህቴ። «ሐረር ሳምቡሳና ሙሸበክ (በዘይት ተጠብሶ ሽሮፕ ውስጥ የሚነከረውን ጣፋጭ) እሸጣለሁ፤ ፌስታል ትቼ ወደ ወረቀት ገባሁ፤ ሻጩ ‹ውኃ አያስገባም› ብሎ የሰጠኝ ካኪ ከረጢት ግን ደንበኛ ቤቱ ሳይደርስ በዘይት ይርሳል፤ ከዚህ የወፈረ ልግዛ ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ካርቶንና የወረቀት ከረጢት በሚሠራ ቤት ጥራት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ ከጸደቀ ወዲህ ደግሞ ይህን የማይጠይቀኝ ምግብ ሻጭ የለም። አቦ፣ የወፈረውን አትግዢ! ገንዘብሽን ትጨርሻለሽ እንጂ ዘይቱን አታቆሚውም።

ሻጩ ዋሽቶሻል ማለቴ አይደለም። ውኃ መከልከልና ዘይት መከልከል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ወረቀት ማለት እርስ በርስ የተጠላለፉ የእንጨት ቃጫዎች ንጣፍ ነው፤ በመሃላቸው አየር አለ። ውኃ ሲገባበት ቃጫዎቹን ያያያዘውን የሃይድሮጅን ትስስር ስለሚፈታው ወረቀቱ ይላላል፣ ይቀደዳል። ፋብሪካዎች ይህን ለማዘግየት ሮዚን (የጥድ ሙጫ) አልም ከሚባል ጨው ጋር፣ ወይም ኤኬዲ የሚባለውን ኬሚካል ይጨምሩበታል። እነዚህ ቃጫው ውኃን እንዲገፋ ያደርጉታል፤ በቃጫዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ግን አይደፍኑም። ዘይት የገጽ ውጥረቱ (ፈሳሽ ራሱን ሰብስቦ እንደ ጠብታ የሚይዝበት ኃይል) ከውኃ በጣም ያነሰ ስለሆነ በዚያው ክፍተት ሰተት ብሎ ይገባል፣ ትኩስ ሲሆን ደግሞ ስለሚቀጥን ይብሳል። ከረጢትሽን ልብ ብለሽ እይው፦ የረሰው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፣ ግን አልተቀደደም። ዘይቱ አየሩን አስወጥቶ ቦታውን ያዘ እንጂ ትስስሩን አልነካውም። ወፍራም ወረቀት ክፍተቱም ያው ስለሆነ የሚያተርፍልሽ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ዘይት የሚቆመው ክፍተቱ ሲዘጋ ነው። አንዱ መንገድ ፐልፑን (ወረቀት የሚሠራበትን በውኃ የተበጠበጠ ቃጫ) በማሽን ለረጅም ጊዜ ወቅጦና ፈትጎ ቃጫው ጥቅጥቅ ብሎ እንዲተኛ ማድረግ ነው፤ ቅባት የማያሳልፈው ኬክ ቤቶች የሚጠቀሙበት ስስ ወረቀት እንዲህ ነው የሚሠራው። ሌላው ላዩን መቀባት ነው፦ በሰም፣ በፖሊኢትሊን ፕላስቲክ፣ ወይም ውኃ ውስጥ በተበተነ ፖሊመር (እንደ ቀለም ተቀብቶ ሲደርቅ ስስ ሽፋን በሚሆን)። በሰም የተቀባውን ለትኩስ ሳምቡሳ እንዳትወስጂው። ፓራፊን ሰም እንደ ዓይነቱ ከ50 እስከ 70 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከመጥበሻ የወጣ ሳምቡሳ ከዚያ በላይ ይሞቃል። በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊው፤ ነጭ ጭረት ከቀረበት ሰም ነው። ቀስ ብለሽ ስትቀድጂው ጠርዙ ላይ ስስ ላስቲክ የሚለጠጥ ከሆነ ደግሞ ፕላስቲክ የተቀባ ነው። ይኼኛው ዘይትም ውኃም ይከለክላል፤ ግን በወረቀት ስም ፕላስቲክ እየገዛሽ መሆኑን እወቂው፤ መልሶ ወረቀት ማድረጉም ይከብዳል።

ብዙ ሰው የማያስበው እንፋሎቱን ነው። ትኩስ ሳምቡሳ ሲታሸግ እንፋሎት ይወጣዋል። ፕላስቲክ የተቀባ ከረጢት አፉ ከተዘጋ እንፋሎቱ ውስጥ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፣ ሳምቡሳውም ይለሰልሳል። ደንበኛሽ የከፈለው ለዚያ ለሚንኮሻኮሸው ቅርፊት ነው! ስለዚህ ለሳምቡሳ የምመክርሽ ተራ ካኪ ከረጢት፣ ውስጡ አንድ ቅባት የማያሳልፍ ወረቀት ተነጥፎበት፣ አፉ ሳይታሸግ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሳምቡሳው በብረት ፍርግርግ ላይ በደንብ ይንጠፍጠፍ። ከየትኛውም ቅብ በላይ ለውጥ ሲያመጣ ያየሁት ይህ ነው። ሙሸበክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሽሮፑ ውኃና ስኳር ነው፣ ዘይትም አለበት፣ መንኮሻኮሹን የሚያበላሽ እንፋሎት የለውም። ለእሱ ሁለቱንም የሚከለክል የተቀባ ወረቀት ያለበት የካርቶን ሣጥን ያስፈልግሻል።

ናሙና ሲሰጡሽ በጠፍጣፋው ላይ ብቻ አትሞክሪ። ወረቀቱን አጥፈሽ በጥፍርሽ ጨቁኚው፣ ዘርጊው፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አድርገሽ እጥፋቱ ላይ የሞቀ የራስሽን መጥበሻ ዘይት ጣል አድርጊበት። ቅቡ የሚሰነጠቀው እጥፋት ላይ ነው። ሳምቡሳሽ ደንበኛው ጋ እስኪደርስ በሚቆይበት ጊዜ ልክ ጠብቂው። ሙከራውንም ወረቀቱ ሱቅሽ ውስጥ ካደረ በኋላ አድርጊው። ላቦራቶሪ ወረቀትን የሚፈትነው በ23 ዲግሪና በ50 በመቶ እርጥበት አቆይቶ ነው፤ እኛ ጋ ድሬ በሙቀቱና በድርቀቱ ወረቀት እጥፋቱ ላይ ይሰባበራል፣ እናንተ ጋ በክረምት ይለሰልሳል። እዚህ ያለፈ ከረጢት እዚያ ላያልፍ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልለምንሽ። ዘይት የሚያቆም ወረቀት ሁሉ ለምግብ ይሆናል ማለት አይደለም። ፒፋስ የሚባሉት ፍሎሪን ያላቸው ኬሚካሎች ዘይትን በመግፋት የሚያህላቸው የለም፤ ግን ተፈጥሮ ውስጥ አይፈርሱም፣ ሰውነት ውስጥም ይከማቻሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2024 እ.ኤ.አ. እነዚህ ለምግብ ወረቀት ቅባት መከላከያነት መሸጣቸው እዚያ አገር ማብቃቱን አስታውቋል። ስለዚህ ሻጩን «ፒፋስ አለው ወይ? ለምግብ ንክኪ የተሠራ ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ። ያገለገለ ደብተርና ጋዜጣ ደግሞ ለጊዜውም ቢሆን ከሳምቡሳው ጋር አይነካካ፤ የጋዜጣ ቀለም ውስጥ ያለው የማዕድን ዘይት ወደ ቅባት ምግብ በቀላሉ ይተላለፋል።

የረመዳን ትእዛዝ ከመብዛቱ በፊት ከሁለት ሻጭ ጥቂት ጥቂት ናሙና ውሰጂና ሞክሪ። ዘይቱ የት ጋ እንዳለፈ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፦ እጥፋቱ ላይ ከሆነ ቅቡ ነው፣ የታችኛው መጋጠሚያ ላይ ከሆነ ኮላው ነው፣ መሃሉ ላይ ከሆነ ወረቀቱ ራሱ ነው። ከዚያ ለሻጩ ምን ብለሽ እንደምታዢ እነግርሻለሁ።