ኮምፒውተሩን ከመግዛትህ በፊት ሽቦውን ግለጠው

ከሽቱትጋርት የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ችግርህ ባጭሩ ይህ ነው። በፈረንጆች 1994 የተሰራች መርሴዲስ ኢ 220 አለችህ፣ ደብሊው 124 የምትባለው። ሚኒሞ (ጋዝ ሳትረግጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት) አትይዝም። አንዳንዴ ትራፊክ መብራት ላይ ትጠፋለች፣ በማግስቱ ግን ምንም እንዳልነካት ሰላም ትውላለች። ሞተሩ ከታጠበ ይብስባታል። ካንዴላ፣ ኮይልና የሙቀት ሴንሰር ተቀይሯል፤ አሁን ደግሞ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ይቀየር ተብለሃል።

ኮምፒውተሩን ተወው። እኔ የምጠረጥረው የሞተሩን ሽቦ ነው። የተበላሸ ዕቃ ብዙ ጊዜ ጠባዩ አንድ ነው፤ ያንተ ግን በየቀኑ ይቀያየራል፣ ውሃም ይፈራል።

ይህ ሞዴል በ1984 መጨረሻ ደብሊው 123ን ተክቶ ሲወጣ እስከ ዛሬ የምወደው መኪና ነበር፦ በየጎማው አምስት ክንድ ያለው የኋላ እግር፣ ወደ ጥግ እየተዘረጋ መስታወቱን የሚጠርግ አንድ ዋይፐር። በ1993 ፊቱ ታድሶ 200 ኢ የነበረው ኢ 200 ሲባል ግን፣ በነዚያ ዓመታት የገባው የሽቦ ልባስ ለአካባቢ ተስማሚ ይሁን ተብሎ የተሰራ ነበርና የሞተር ሙቀት አልቻለም። ዛሬ ስትነካው እንደ ድርቆሽ ይንኮታኮታል።

ይህን ልብ በል፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነውና። የሙቀት ሴንሰሩ ለኮምፒውተሩ የሚናገረው በሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን በሚቋቋምበት መጠን፣ በኦም ይለካል) ብቻ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ወደ 2,500 ኦም ያሳያል፤ 80 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 300 ይወርዳል። ልባሳቸው የወደቀ ሁለት ሽቦዎች በእርጥበት ወይም በመነካካት ትንሽ ከተገናኙ ሬዚስታንሱ ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ከእውነተኛው በላይ የሞቀ ይመስለውና ቤንዚን ይቀንሳል። ሴንሰሩ አዲስ ቢሆንም ለውጥ የለም፣ ውሸቱ የሚመጣው ከመንገዱ፣ ከሽቦው ነው። ቤንዚን የሚረጩት የኢንጀክተሮቹ ሽቦዎችም የኮይሉም በዚያው የሽቦ ጥቅል ውስጥ ስለሚያልፉ በሽታው በየቀኑ መልኩን ይለውጣል።

እንግዲህ ቁልፉን አውጣ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። ይህን ሳታደርግ ምንም ሶኬት አትንካ፤ ራቁቱን የቀረ ሽቦ ሲነካካ ኮምፒውተሩን ያቃጥላል፣ ቤንዚን ካለበት ደግሞ እሳት ነው። ከዚያ ኢንጀክተሮቹና የሙቀት ሴንሰሩ ጋ የውጭውን መሸፈኛ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ግለጥ። መዳቡ ከታየ አለቀ። ካልታየህ የሴንሰሩንና የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቅለህ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል በመልቲሜትር ለካ፣ እየለካህ ጥቅሉን አወዛውዘው። ቁጥር ከመጣ ተነካክተዋል ማለት ነው። በመርፌ ወግተህ አትለካ፣ የተረፈውንም ታረግፈዋለህ።

ከዚህ በፊት የሰራልህ ሰው ናስትሮ ጠቅልሎበት ከሆነ አንሳው። በጣም ያናድደኛል፤ ናስትሮ በዚያ ሙቀት ይቀልጣል፣ ከስሩ ያለው መድረቁን አያቆምም። በርካሽ የሚሸጠውን ጥቅልም አትመን፣ ብዙዎቹ ተራ የፕላስቲክ ሽቦ ናቸው። ሁለት መንገድ አለህ፦ ኋላ የተመረተ ዋናውን ጥቅል መግዛት (ቀኑ መለያው ላይ ተጽፏል፣ ከ1996 በፊት ከሆነ አትውሰድ) ወይም ሙቀት በሚችል የሲሊኮን ሽቦ፣ ውፍረቱን ሳትቀይር፣ አንድ በአንድ መተካት። የክራንክ ሴንሰሩ (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ሽቦ ግን መከለያ ያለው መሆን አለበት።

ጋዙን የሚቆጣጠረው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተርም ውስጡ ያው ሽቦ ነውና እሱንም ክፈተው፤ ጥቅሉን ቀይረህ እሱን ከተውከው ሚኒሞው አይስተካከልም። የባትሪውን ኔጋቲቭ የምትመልሰው ሶኬቶቹ በሙሉ ከገቡና ምንም መዳብ እንደማይታይ ካረጋገጥክ በኋላ ነው።