አካሮይድ፦ ሙጫው ወይስ ማይቱ? ጥያቄና መልስ ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የአዳማ ልጅ የድሮ የቫርኒሽ አሠራር ሲያነብ «አካሮይድ ሙጫ» የሚል ነገር ገጠመው። መዝገበ ቃላት ሲገልጥ ደግሞ ያው ቃል «ማይት የሚመስል» ተብሎ ተተርጉሟል። ማይት ማለት ከመዥገር ጋር የሚዛመደው፣ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን የማይታየው ጥቃቅን ተባይ ነው። ልጁ ግራ ገብቶት ጠየቀኝ። ሥራዬ የሰብል ተባይ ስለሆነ የማውቀውን ልመልስ ብዬ ጥያቄውን ለሁሉም ከፈትኩት። እንደ አመጣጡ እንሂድ።

ጋሼ፣ በአንድ ቃል ይንገሩኝ። ሙጫው ከማይት ነው የሚወጣው?

አይደለም፣ የተክል ሙጫ ነው። ተክሉ ዛንቶሪያ ይባላል፤ አገሩ አውስትራሊያ ብቻ ነው። ግንዱ አጭርና ጥቁር፣ አናቱ ላይ እንደ ረጅም ሣር የተንጨባረረ ቅጠል ያለው፣ እድገቱ እጅግ አዝጋሚ የሆነ ተክል ነው። ሙጫው በረገፉት ቅጠሎች ሥር፣ ግንዱን ከብቦ ይጠራቀማል። እንደ ዝርያው ቢጫም ቀይም ይሆናል። የተክሉ ስም ራሱ ከግሪክኛ ሲሆን «ቢጫ ፈሳሽ» እንደማለት ነው።

የአገሩ ነባር ሕዝቦች ሙጫውን በእሳት እያለሰለሱ የጦር ጫፍንና የመጥረቢያ ድንጋይን ከእጀታው ጋር ያጣብቁበት ነበር። አውሮፓውያን ሲመጡ በአልኮል አሟሟተው ቫርኒሽና የማሸጊያ ሰም ሠሩበት። በናይትሪክ አሲድ ሲታከም ፒክሪክ አሲድ ይሰጣል፤ ይኼ ደግሞ ፈንጂ ነው። ከእንጨት ማስዋቢያ እስከ ፈንጂ፣ ለአንድ ሙጫ ብዙ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ቃሉ ከየት መጣ?

«አካሪ» በጥንት ግሪክኛ ማይት ነው። አርስቶትል ስለ እንስሳት በጻፈው ውስጥ ያነሳዋል፤ በአሮጌ ሰም ውስጥ የሚገኝ ነጭ እንስሳ፣ ከሁሉ የሚያንስ ይለዋል። ቃሉን ብዙውን ጊዜ የሚያያይዙት «አካሬስ» ከሚለው ጋር ነው፤ ከማጠሩ የተነሳ መቀስ የማይዘው ፀጉር እንደማለት። «ኦይድ» ደግሞ መልክ፣ ቅርጽ ከሚለው ቃል የመጣ ቅጥያ ነው፤ አስትሮይድ ኮከብ መሳይ እንደሆነ ሁሉ አካሮይድም ማይት መሳይ ነው። ስዊድናዊው የሥነ ፍጥረት ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 የዱቄት ማይትን «አካሩስ ሲሮ» ብሎ ሲሰይም ቃሉ በሳይንስ ውስጥ ጸና። ዛሬ ወገኑ በሙሉ አካሪ ይባላል።

በሙጫው በኩል መንገዱ ሌላ ነው። የድሮ መድኃኒት ቀማሚዎች በላቲን «ሬዚና አካሮይደስ» ብለው መዘገቡት፤ ነጋዴው እንደ አፉ «አክሮይደስ» አደረገው፤ እንዲሁ እየተጣመመ ገበያ ዞረ። እንግዲህ በንግድ ስም ላይ ብዙ ምክንያት ባትፈልጉ ይሻላል ባይ ነኝ። የፔሩ በለሳም የሚባለው ሙጫ እንኳ ዋና ምንጩ ኤል ሳልቫዶር ነው፤ ፔሩ የተባለው በድሮ ጊዜ በፔሩ ወደብ በኩል ስለተላከ ነው።

ፋርማሲ ነው የምሠራው። እርስዎ የፔሩ በለሳም ሲሉ ቢቢኤል ትዝ አለኝ። ዝምድና አላቸው?

ጎበዝ! እኔም ወደዚያው ልመጣ ነበር። ለእከክ የምትሸጡት ቢቢኤል፣ ማለትም ቤንዚል ቤንዞኤት፣ በፔሩ በለሳም ውስጥ በተፈጥሮ በብዛት የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ድሮ በለሳሙ ራሱ ለእከክ ይቀባ ነበር። አሁን በፋብሪካ ይሠራል እንጂ ከዛፍ አይለቀምም። ሙጫና ማይት በእውነት የሚገናኙት በአካሮይድ ስም ላይ ሳይሆን እዚህ ነው፤ ያውም እንደ ጠላት።

የእከክ ማይት ሴቷ ግማሽ ሚሊሜትር አትሞላም፤ ቆዳ ውስጥ ዋሻ እየቆፈረች እንቁላል ትጥላለች። «ሳርኮፕተስ» የሚለው ስሟ ሥጋ ቆራጭ ማለት ነው። እከክ ከእሷ እንደሚመጣ እ.ኤ.አ. በ1687 የጻፉት ሁለት ጣሊያናውያን ናቸው፤ ሐኪሙ ቦኖሞና መድኃኒት ቀማሚው ቼስቶኒ። ብዙ ሐኪም ግን ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ በሽታው የደም መበላሸት ነው ሲል ኖረ። ሊኔየስ ራሱ የእከኩንና የዱቄቱን ማይት አደባልቋቸዋል።

ልጄን እከክ ይዞታል፤ ቀብቼው ይሻለዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ምን ላድርግ እናንተ?

እናቴ፣ አንዱን ልጅ ብቻ ማከም ዋጋ የለውም። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ፣ የማያሳክከው ጭምር፣ በአንድ ቀን መታከም አለበት። ሰው ማይቱ ከያዘው በኋላ ሳምንታት ሳያሳክከው ሊቆይ ይችላልና። አንሶላውንና ልብሱን በፈላ ውኃ ይጠቡ። መጠኑንና የሚደገምበትን ጊዜ ግን ጤና ጣቢያ ይንገሩዎት፤ በተለይ ሕፃን ካለ ከእኔ አይስሙ።

ከመቂ ነኝ። ቲማቲሜን ቀይ ሸረሪት ፈጀው። የነፍሳት መድኃኒት ረጨሁ፣ ይባስ ብሎ በዛ። ይኼም አካሪ ነው?

አዎ፣ አካሪ ነው። ስሙ ሸረሪት ቢሆንም ማይት ነው፤ ድር ስለሚያደራ ነው ሸረሪት የተባለው። ማይት ከነፍሳት ወገን አይደለም፤ የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ነው። ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው፣ ማይት ሲያድግ ስምንት። ታዲያ የነፍሳት መድኃኒት ብዙ ጊዜ እሱን አይነካውም፤ የሚገድለው እሱን የሚበሉትን ነው። ጠባቂውን አስወግደህ ሌባውን ፈታኸው ማለት ነው፣ የባሰውም ለዚህ ነው።

ጠርሙሱ ላይ «አካሪሳይድ» ወይም «ማይቲሳይድ» የሚል ፈልግ፤ ይኸው ቃሉ እርሻህ ድረስ መጣ። አንድ ዓይነት ብቻ እየደጋገምክ አትርጭ፣ ቶሎ ይለምደዋል። የሚወደው ሙቀትና ድርቀት ነው፤ በበጋ የቅጠሉን ጀርባ ቶሎ ቶሎ እያየህ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ሲጀምር ያዘው። የጽጌረዳ እርሻዎቻችን ውስጥ ደግሞ «ፊቶሴዩለስ» የሚባል ሌላ ማይት ለቀውበት ያስበሉታል። ማይት በማይት! ለሜዳ ቲማቲም ምን እንደሚስማማ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ጎራ ብለህ ጠይቅ፤ ከአዳማ ቅርብ ነው።

እጣን፣ ከርቤ፣ የግራር ሙጫ፣ ሁሉንም ሙጫ እንላለን። አንድ ናቸው?

አይደሉም። የግራር ሙጫ በውኃ ይሟሟል፣ በአልኮል አይሟሟም። እንደ አካሮይድ ያለው፣ ሬዚን የሚባለው ሙጫ ግልባጩ ነው። እጣንና ከርቤ የሁለቱም ድብልቅ ናቸው፤ ለዚህ ነው እጣን በውኃ ስትፈጭ ወተት የሚመስለው፣ ግን ሙሉ በሙሉ የማይሟሟው። ጢሱና ሽታው የሬዚኑና የዘይቱ ነው።

ንብ አናቢ ነኝ። ማይት ቀፎ ውስጥም ይገባል ይላሉ።

ይገባል። ቫሮዋ የሚባለው የንቧን አካል ይመጠምጣል፣ ቫይረስም ያስተላልፋል። ስሙ የሮማዊው ሊቅ የቫሮ መታሰቢያ ነው። ሌላው በንቧ መተንፈሻ ቱቦ ውስጥ የሚኖረው «አካራፒስ» ነው፤ አካሩስ እና አፒስ፣ ማይትና ንብ ተጋጥመው የተሠራ ስም። ንቦችም በበኩላቸው የዛፍ ሙጫ ለቅመው ቀፎውን ይመርጉበታል፤ ያ ፕሮፖሊስ ነው።

ከወንጂ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ማይት ሙጫ ውስጥ ተቀብሮ ተገኝቶ ያውቃል?

ያውቃል፣ ለዚያውም በዓለም ላይ ካሉት ጥንታዊ ግኝቶች አንዱ። በሰሜን ጣሊያን፣ ዶሎማይት ተራሮች ላይ፣ ወደ 230 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ አምበር ተገኘ፤ አምበር ድንጋይ የሆነ የዛፍ ሙጫ ነው። ተመራማሪዎች 70,000 ያህል ጠብታ ለይተው ሁለት ማይት አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተሙት። አንዱ «ትሪያሳካሩስ» ተባለ፤ ከውስጡ «አካሩስ» ሲሰማ አስተውል። የዛፍ ቅጠል እየመጠጡ የሚኖሩ ነበሩ፤ ያው ዛፍ በሙጫው ቀበራቸው።

ልብ በል፣ እነዚህ አራት እግር ብቻ ነው ያላቸው። ቅድም ለመቂው ወንድማችን ስምንት ያልኩትን የሚያፈርስ ወገን ነው፤ ዘመዶቻቸው ዛሬም አሉ፣ አራት እግር እንደሆኑ።

የዶሮ ቅንቅንስ?

ሕዝቡ ዶሮን የሚያሳክከውን ሁሉ ቅንቅን ይላል። ከፊሉ ቅማል ነው፣ ከፊሉ ማይት። ሌሊት በባትሪ ቆጡን እይ፤ ደም የጠገበ ቀይ ነጥብ በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ሲርመሰመስ ካየህ ማይት ነው። ያኔ ዶሮዋን ብቻ ሳይሆን ቆጡንም ማከም አለብህ፤ ቀን ቀን የሚደበቀው እዚያ ነው።