ፓስወርዱን ይዛችሁ አትጥፉ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ በኮምፒውተር ሙያ የሚሠራ ሐበሻ ሞልቷል። አገር ቤት ያለ የሕፃናት መርጃ ድርጅት ወይም እዚሁ ሰፈር ያለ ኮሚኒቲ «በሙያችሁ አግዙን» ሲል እምቢ የሚል ብዙም አላየሁም። ዙም ይከፈታል፣ የቴሌግራም ግሩፕ ይፈጠራል፣ ዌብሳይት ይሠራል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ አንዱ ሥራ ይቀይራል፣ አንዷ ትወልዳለች፣ ግሩፑ ጭር ይላል። ዓመት አልፎ አገር ቤት ስትደውሉ ሥራ አስኪያጁ «እነ እንትና ናቸው የሚያውቁት» ይሏችኋል። ይህን ደጋግሜ ስላየሁ ነው ዛሬ ሳላለሳልስ የምጽፈው።

1. ወረቀቱ

ድርጅቱ አገር ቤት ከሆነ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት መመዝገቡን ጠይቁ። አሜሪካ ከሆነ ፎርም 990 የሚባለውን የግብር መሥሪያ ቤት ሪፖርት በየዓመቱ ማስገባቱን እዩ፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ የዘለለ ማኅበር ከግብር ነፃ መብቱን ያጣል። በነፃ የሠራችሁበት ሰዓት ደግሞ ከግብራችሁ አይቀነስም። በቃ፣ ይኸው ነው።

2. ከመጀመራችሁ በፊት

«ማክሰኞ በሦስት ሰዓት» ስትሉ በማን ሰዓት እንደሆነ ተናገሩ። አዲስ አበባ ዋሽንግተንን እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ትቀድማለች፤ በዚያ ላይ የሐበሻ ሰዓት አቆጣጠር አለ። ቅጽ ስትሠሩ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አታስገቡ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ኤክሴል 13ኛ ወር አያውቅም፤ ጳጉሜን 3 የተወለደውን ልጅ የት ልታስገቡት ነው? ፓወር ግዕዝ በሚባለው የቆየ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ፋይል እናንተ ላፕቶፕ ላይ ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ሆኖ ቢከፈት፣ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳታጠፉት። ፎንቱ ስለሌላችሁ ነው።

3. ማን ምን ይያዝ?

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒውተር የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛን ከበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ማገናኘት አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ ቴክሱፕ የሚባለው ድርጅት በ1987 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲመሠረት ስሙ ኮምፑሜንተር ነበር፤ የጀመረውም በዚሁ ሥራ ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ አማካሪው አጠገብ መቀመጥ፣ ኪቦርዱን መንካት ያለበት ደግሞ የድርጅቱ ሰው ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ጎበዝ ልጅ ተነሥቶ ሁሉንም በአንድ ሌሊት ሠርቶ ያድራል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ስንተርት «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» እንላለን። ስንሠራ ግን ሃምሳውንም ለአንዱ አሸክመን እንሄዳለን።

ዶሜይኑን፣ ማለትም የዌብሳይቱን አድራሻ፣ እንውሰድ። ልጁ በራሱ ስም፣ በራሱ ካርድ ይገዛዋል። «ምናላት፣ አሥራ ምናምን ዶላር ናት» ይላል። ካርዱ ጊዜው ያልፍበታል፤ የማስጠንቀቂያው ኢሜይል ለእሱ እንጂ ለድርጅቱ አይደርስም። ዶሜይኑ ከተሰረዘ በኋላ በቅጣት ክፍያ ማስመለሻው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው። ያ ካለፈ ማንም ይገዛዋል። የማውቀው የአንድ ድርጅት ስም ዛሬ የቁማር ማስታወቂያ ነው የሚያሳየው። ሰጪዎቹ ያንን ከፍተው ምን ይበሉ?

የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ የሚጠየቀውን ኮድ፣ እዩት። አዲስ አበባ ያለችው ሒሳብ ሹም ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ልትገባ ስትል፣ ኮዱ የሚሄደው ቨርጂኒያ ውስጥ እንቅልፍ ላይ ላለ ሰው ስልክ ነው። እሱ እስኪነቃ እሷ ሻይ ትጠጣለች። ኮዱ ወደ ድርጅቱ ስልክ ይሂድ፤ የመጠባበቂያ ኮዶቹ ደግሞ ታትመው ካዝና ይቀመጡ። ይህን ለማድረግ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ክፍፍሉን በአንድ ገጽ ጻፉ። አካውንቱ፣ ዶሜይኑ፣ ክፍያው፣ የተረጂዎች ዝርዝር የድርጅቱ ናቸው። በተለይ የሕፃናትና የሕሙማን ስም እናንተ ላፕቶፕ ላይ ምንም ሥራ የለውም፤ አገር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥሩም 1321/2016 ነው። እናንተ የምታዋጡት ማስተማር፣ ማሳየት፣ መመሪያውን ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ መጻፍ ነው። ከእናንተም ወገን ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ሲታመም ወይም ሲጠፋ ሌላው እንዲኖር።

ለሥራ አስኪያጆችም አንድ ነገር ልበል፤ ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። «ነፃ ነው» ብላችሁ ሁሉን ትጠይቃላችሁ፤ ግን አንድ ሠራተኛ መድባችሁ በሳምንት ሁለት ሰዓት አትለቁለትም። የሚማረው ልጅ በስብሰባው መሀል «ቶሎ ና፣ እንግዳ መጥቷል» እየተባለ ይጠራል። እንዲህ ሆኖ ማን ይማራል? ሁለት ሰው መድቡ፣ ሰዓቱን በሥራ ዝርዝራቸው ላይ ጻፉላቸው። ምን እንደምትፈልጉም ራሳችሁ ወስኑ። «እናንተ ያላችሁት ይሁን» መልስ አይደለም።

አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በአንድ ድርጅት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆኑ እናት ነበሩ። የትኛው ልጅ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ፣ ማኅደሩ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ በቃላቸው ያውቁታል። እዚህ አሜሪካ ዳታቤዝ ተሠርቶ ተላከ። እሳቸውን ማንም አልጠየቀም። ቅር ብሏቸው በጡረታ ወጡ። ዳታቤዙን የሠራው ልጅ ሥራ ሲቀይር ሰርቨሩ ተዘጋ። አሁን ኮምፒውተሩም የለም፣ መደርደሪያውን የሚያነብም የለም። ወንድሜ፣ እህቴ፣ መጀመሪያ እንዲህ ካሉት እናት ጎን ተቀምጣችሁ እንዴት እንደሚሠሩ እዩ። «እማማ፣ ይሄን ለምን እንዲህ አደረጉት?» በሏቸው። መልሳቸው ከማንኛውም ሶፍትዌር በፊት ያስፈልጋችኋል።

4. ስትወጡ

መውጣት ነውር አይደለም፤ ሳይናገሩ መጥፋት ነው ነውሩ። የምትቆዩበትን ጊዜ ከመጀመሪያው ተናገሩ፤ ስድስት ወር ከሆነ ስድስት ወር ነው። የመጨረሻው ስብሰባ ላይ የእናንተን አካውንት ከዝርዝሩ እዚያ ያለው ሠራተኛ ራሱ ይሰርዘው፣ እናንተ በዙም እያያችሁ። መሰረዙ ካቃተው ሌላ ማክሰኞ ቀጥራችሁ ድገሙት።